የጂኦግራፊ መምህሩ ጂፒኤስ

በቤተሰባችን ውስጥ እንደ ተረት የሚወራልኝ ነገር አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው፣ ኬክሮስና ኬንትሮስ እያለ የስንቱን ልጅ አናት ያዞረ መምህር፣ ከመካኒሳ ተነስቶ ጀሞ ያለው የእህቱ ቤት መድረስ አይችልም ይባላል። የእህቴ አማት፣ አብረዋት የሚኖሩት ባልቴት፣ እኔ በገባሁ ቁጥር «ይሄ ሰውዬ ተማሪዎቹን የት የት አድርሷቸው ይሆን?» እያሉ ከት ብለው ይስቃሉ። አብሬ እስቃለሁ። የእህቴ ልጆችም ይስቃሉ። ባሏ ብቻ በጨዋ ደንብ ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል። እውነቱን ከተናገርን ግን እኔ ጀሞ ላይ የጠፋሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ ሁሉ ዋሽቻለሁ።

ያቺ አንዷ ጊዜ ግን መጥፋት እንዴት እንደሚጠፋ ያሳየሁባት ናት። እህቴ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ከገባች ሁለት ዓመት ቢያልፋትም እኔ ቤቷን አላየሁትም ነበር። ተኳርፈናል። እናታችን ታማ እኔ ቤት ስትተኛ እህቴ እንደሚጠበቅባት አልመጣችም፤ ልጆቿ ሕፃናት ነበሩ፣ ሥራም ነበራት፣ እኔ ግን ወንደላጤ ስለሆንኩ ሕፃን ልጅ ምን እንደሚያስር አይገባኝም። በለቅሶው ማግስት ሰው በተሰበሰበበት አንድ ክፉ ቃል ተናገርኳት። ከዚያ በኋላ ግንኙነታችን በዓል ሲመጣ በስልክ «እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን» ብቻ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ባሏ መሀል ገብቶ ለእሁድ ምሳ ተጠራሁ።

የብሎኩን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። ጀሞ አንድ መሆኑን ግን አልጻፍኩም፤ ጀሞ ሁለት ገባሁ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ አራተኛ ፎቁ ልክ ነው፣ በስተግራ ያለው በርም ልክ ነው። ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ አንዲት ሴትዮ «ይግቡ፣ ይግቡ» አሉኝ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል። የባሏ ዘመዶች ናቸው ብዬ አንድ በአንድ ዞሬ ጨበጥኩ። ቦታ ለቀቁልኝ፣ የእጅ ውሃ መጣ፣ ታጠብኩ፣ ሳህን ተሰጠኝ። ማንም ማን ነህ አላለኝም፤ ደጁን አልፎ የገባን እንግዳ ማን ነህ ማለት ነውር ነው። እኔም እህቴ የት አለች ብዬ አልጠየቅኩም፤ የቸኮልኩላት እንዳይመስል ኮርቼ ተቀመጥኩ። ሦስተኛውን ጉርሻ ስውጥ ከጎኔ ያሉ አዛውንት ጠጋ ብለው ለሟቹ ምናቸው እንደምሆን ጠየቁኝ። ተዝካር ላይ ነበር የተቀመጥኩት። ጎረቤት ነኝ አልኩና እጄን ታጥቤ፣ ነፍሳቸውን ይማር ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ነው እህቴ ጋ የደወልኩት። ዋናው መንገድ ላይ ካለው ጁስ ቤት ፊት ለፊት እንድቆም ነገረችኝና በቤት ጫማዋ ወርዳ መጣች። የመኪናዬን በር ከፍታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሰላምታችን ደረቅ ያለ ነበር። መንዳት ስጀምር የተዝካሩን ነገር ነገርኳት። መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እስኪመጣ፣ መስኮቱን እስክትደገፍ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፤ መኪናዬን ጥግ አስይዤ አቆምኩ። ከዚያ ሳቋን በድንገት አቆመችና ፊት ለፊቷን እያየች ጠየቀችኝ።

«እማዬ መጨረሻ ላይ ጠርታኝ ነበር?»

ጠርታታለች። ደጋግማ ነበር የጠራቻት፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሆን ብዬ ደብቄአታለሁ። እሷም ጠይቃኝ አታውቅም፤ በሰው ፊት እንዴት ትጠይቀኝ? «ጠርታሻለች፤ ያልነገርኩሽ ተናድጄብሽ ነው» አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም ፊታችን የቆመ የአሸዋ መኪና ጀርባ እያየን ነበር። ቤት ስንደርስ ፊታችንን ጠራርገን ገባን፣ እኔ መንገድ ጠፍቶኝ መዘግየቴ ተነገረ፣ አማትየው ሳቁ፣ ምሳ ቀረበ።

የእኛ ቤት ሰው ዓይን ለዓይን እየተያየ የልቡን መናገር አልተሰጠውም። አባታችንም እንደዚያ ነበር። መኪና ውስጥ ግን ጎን ለጎን ተቀምጦ ሁሉም ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው። የእህቴ ቤት ደግሞ ሰው አያጣም፤ ባልና ሁለት ልጅ አለ፣ አማት አሉ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ እሁድ እሁድ ጎረቤት አለ። እዚያ መሀል ተነስታ «ከወንድሜ ጋ ለብቻዬ ላውራ» ብትል ምን መጣ ተብሎ ቤቱ ይረበሻል። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ ስሄድ፣ መንገዱን እንደ እጄ መዳፍ እያወቅኩት ጁስ ቤቱ ጋ ቆምኩና ደወልኩላት። «ጠፋሁ» አልኳት። «እዚያው ቁም፣ መጣሁ» አለችኝ።

እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ሄድን። በየሁለት ሳምንቱ እሁድ እጠፋለሁ፤ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ትቀበለኛለች። ከጁስ ቤቱ እስከ ብሎኳ በመኪና አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኛ ግን ግራ ቀኙን እየዞርን ሃያ እናደርሰዋለን። አማቷ ማታ ማታ የሚያንኮራፉትን ነገር የሰማሁት እዚያ ነው። ሥራዋን በመልቀቋ ውስጥ ውስጡን እንደምትቆጭ የነገረችኝም እዚያ ነው። እኔም ለሌላ ለማንም ያልተናገርኩትን፣ ስኳሬ ከፍ ማለቱን፣ የነገርኳት እዚያችው አሮጌ መኪና ውስጥ ነው። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ የሞኝ ስም ነበር፤ ርካሽ ነው ብዬ ከፈልኩ።

ነገሩን ያበላሸው የባሏ ደግነት ነው። አማቼ የሊፍት ቴክኒሻን ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ሊፍት ሲጠግን ይውልና ማታ ሊፍት የሌለውን አራተኛ ፎቁን በእግሩ ይወጣል። ዕድሜያችን እኩል ቢሆንም ሚስቱ ጋሼ ስለምትለኝ እሱም ጋሼ ይለኛል፤ አንቱታውን ግን ከራሱ ነው የጨመረልኝ። መሣሪያ የማይፈታው ችግር አለ ብሎ አያምንም። የበራቸው መጥሪያ ሦስት ዓይነት ዜማ አለው። የእናቱን መድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ ደወል ሠርቶ ሴትየዋን በየስድስት ሰዓቱ ያስደነግጣል። የእኔ መጥፋት እንደ ተበላሸ ሊፍት ሲያሳስበው ከርሞ ኖሮ፣ አንድ እሁድ ምሳ ላይ ለመኪናዬ ጂፒኤስ እንድንገዛ ሐሳብ አቀረበ። ቤቱ አጨበጨበ። እህቴን አየኋት፤ ሰላጣ እያቀረበች ነበር።

ያላመጣሁት ሰበብ የለም። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ ይበቃኛል እንዳልል ድሮውኑ ስልኬ ይግላል፣ ኔትወርኩ ይሄዳል እያልኩ ሳመካኝበት ኖሬአለሁ። እሱ ደግሞ ይህንኑ አስቦበታል፤ ካርታው ሆዱ ውስጥ ያለ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ መሣሪያ አለ፣ ዋጋውም ከአንድ ጎማ አይበልጥም አለኝ። የመኪናዬ ሲጋራ መለኮሻ ስለማይሠራ ኤሌክትሪክ አያገኝም አልኩት። በማግስቱ ከሥራ መልስ መካኒሳ መጥቶ ጠገነልኝ። ያን ቀን ስኳር በሌለው ሻይ ሸኘሁት እንጂ ከልቤ አላመሰገንኩትም።

ቅዳሜ ለቡ መብራት ኃይል ወዳለ የመኪና ዲኮር ቤት ወሰደኝ። ባለሱቋ ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ሦስት ዓይነት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። የመጀመሪያው ቴፑን አስነቅሎ ቦታው ላይ የሚገባ ሰፊ ስክሪን ነበር። ካሴት ማጫወቻዬን በሕይወት እያለሁ አላስነቅልም አልኩ። ሁለተኛው ከዓረብ አገር የመጣ ያገለገለ ነው፤ ስታበራው አሁንም እዚያው ያለ መስሎት ሦስታችንንም ከነሱቁ በረሃ መሀል አስቀመጠን። አማቼ ካርታው ይቀየራል ብሎ ሊያስረዳ ሲጀምር እኔ ፈጠን ብዬ፣ ይሄማ ከእኔ የባሰ ጠፊ ነው፣ ሁለት ጠፊ አንድ መኪና ላይ ምን ይሠራል አልኩ። ሦስተኛው መዳፍ የሚያህል፣ በመስታወቱ ላይ የሚለጠፍ፣ ዋጋውም ደህና የሆነ ነበር። እንከን አጣሁለት። ስለዚህ ፈተና አወጣሁለት። ኬክሮሱን ጠየቅኩት፣ ልክ አመጣ። ኬንትሮሱንም ልክ አመጣ። ከባሕር ወለል በላይ ያለንበትን ከፍታ ጠየቅኩት። ሴትየዋ እጇን አጣምራ አየችኝና «ጋሼ፣ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊያርሙ?» አለችኝ። ጽሑፉ ለዓይኔ ደቀቀብኝ ብዬ ወጣሁ።

አማቼ ተከትሎኝ ወጣ። ተናዶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከሱቁ አጥር ሥር ቆመን፣ ዓይኑን ታክሲ ተራው ላይ አድርጎ፣ እህቴ ያልነገረችኝን ነገረኝ። ጉልበቷ ከታመመ ስድስት ወር ሆኖታል። ሐኪሙ ደረጃ ቀንሺ ብሏታል። ገበያውንም ልጆቹን ከትምህርት ቤት መቀበሉንም እሱ ይዞታል፤ አሁን የምትወርደው ለእኔ ብቻ ነው። እኔን ተቀብላ ስትመለስ ልብሷን እንደምታስተካክል ሆና በየፎቁ እንደምትቆም፣ ማታ ማታም ጉልበቷን በሞቀ ውሃ እንደሚይዝላት ነገረኝ። ቅሬታ የለበትም፤ የሊፍት ብልሽት እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የተናገረው። መሬቱ ቢከፈት እገባበት ነበር። በየሁለት ሳምንቱ አራት ፎቅ አስወርጄ አራት ፎቅ አስወጥቻታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አካሄዷን ልብ ብዬ አላየሁም። የሰው ልጅ ጆሮ ሲያገኝ ዓይኑን ይጥላል መሰለኝ። ተመልሼ ገባሁና ትንሹን ጂፒኤስ ገዛሁ። ዋጋም አልተከራከርኩም፤ ሴትየዋ ራሷ አዝና ቀነሰችልኝ።

ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ። ውስጡ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው፤ ስትቆጣም ድምፅዋን አትለውጥም። ለኮሪደር ሥራ የታጠረ መንገድ ውስጥ ግባ እያለች አፏን ሞልታ ታዝዛለች። እንቢ ስላት ትንሽ ታስብና ሌላ የታጠረ መንገድ ትሰጠኛለች። አንድ ቀን መካኒሳ ላይ ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበትን መንገድ የለም ብላኝ ተጣላን። ቢሆንም ጀሞን በደንብ ታውቀዋለች። አንድ የወሰንኩት ነገር ነበር፦ እንደ ሰው ደረጃውን ራሴ እወጣለሁ፣ ምሳዬን እበላለሁ፣ በሰው ፊት የሚወራውን አውርቼ እመለሳለሁ። የምናወራበትን ቦታ ማጣታችን ነው፤ ጉልበቷ ይበልጣል አልኩ። ከፍቶኝ ነበር ግን።

እሁድ ደረሰ። ጁስ ቤቱ ከመድረሴ በፊት ሴትዮዋ በአቋራጭ ወደ ውስጥ አስገባችኝና ደርሰሃል አለችኝ። እውነትም ብሎኩ ሥር ነበርኩ። ሞተር እንዳጠፋሁ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ጋሽዬ፣ የት ደረስክ? እኔ ጁስ ቤቱ ጋ ነኝ።»

አልደወልኩላትም። ጂፒኤሱ መገዛቱን ታውቃለች፤ ምሳ ላይ ስንት ጊዜ ተወርቶለታል። እሷ ግን ሳትጠራ ወርዳለች። ቀና ብል አማቼ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሟል። የመሣሪያውን ድል ለማየት ሲጠባበቅ የቆየ ይመስላል፤ መኪናዬን ሲያይ ሁለት እጁን እንደ አሸናፊ ሯጭ ወደ ላይ ዘረጋ። እኔ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው፣ ዓይኔ ዓይኑ ላይ ነው።

«ጠፋሁ፤ እዚያው ሁኚ፣ መጣሁ» አልኳት።

ሞተሩን አስነሳሁና ወደ ኋላ መውጣት ጀመርኩ። የአማቼ እጆች ቀስ እያሉ ወረዱ። እኔን አየ፣ ወደ ዋናው መንገድ አየ፣ እንደገና እኔን አየ። ከውስጥ የእናቱ ድምፅ ደርሷል ወይ እያለ ሲጠይቅ ይሰማል። ምን እንደመለሰላቸው አልሰማሁም፤ ገብቶ መጋረጃውን ሲስብ ግን አይቻለሁ።

እህቴ ጁስ ቤቱ ደጃፍ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች። ሎሚ ልግዛ ብላ ነው ከቤት የወጣችው፤ ሎሚ አልያዘችም። አሁን አካሄዷን አየሁ። ከወንበሩ ስትነሳ በእጇ ጠረጴዛውን ተደግፋ፣ ፊቷን ቋጥራ፣ ከዚያ እኔን ስታይ ፈታ አድርጋው ነበር የመጣችው። ገብታ በሩን እንደዘጋች ስለ ጉልበቷ ተቆጣኋት። ባልሽ ነግሮኛል አልኳት፤ ሁሉንም ቆጠርኩባት። ፊት ለፊቷን እያየች መለሰችልኝ።

«እዚያ ላይ ሆኜ ስንት ቀን እንደምውል ታውቃለህ? የምወርድበት ሰበብ አንተ ብቻ ነህ። እሱንም ልትወስድብኝ ነው?»

መስታወቱ ላይ ያለችው ሴትዮ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ወደ ግራ ታጠፍ ትላለች። እህቴ እጇን ዘርግታ አጠፋቻት። ሎሚውን ገዛንና ጀሞን ሁለት ጊዜ ዞርነው። የተወራውን አልጽፈውም፤ ብዙውም ተራ ነገር ነው። ደረጃውን ስንወጣ ክንዷን ያዝኩ፣ በየፎቁ አብሬያት ቆምኩ፤ ሁለታችንም ልብሳችንን የምናስተካክል መሰልን።

ቤት ስንገባ ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበው ተቀምጠዋል፣ ወጡ በርዷል፣ አማትየው ተዘጋጅተው እየጠበቁኝ ነው። ያ ሁሉ ብር የፈሰሰበት ዕቃ የት ገባ ብለው ጠየቁኝ። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ሰበብ ስሰማ ኖሬ፣ ለራሴ አንድ ሰበብ አጣሁ። ያን ጊዜ አማቼ ጉሮሮውን ጠረገ። ስለ መሣሪያው ለሁለት ሳምንት ጎረቤቱን ያሰለቸ ሰው ነው።

«ዛሬ ደመና ስለሆነ ነው እማዬ። ደመና ሲሆን ሳተላይቱ አያይም» አለ።

የመስኮቱ ፀሐይ ግማሽ ጠረጴዛውን ሸፍኖታል። ትልቁ ልጅ ወደ ሰማይ ሊያይ አንገቱን ሲያዞር አባቱ ሳህኑን አስጠግቶ ብላ አለው። አማትየው፣ ድሮም ከሰማይ የሚመራችሁ አምላክ ነበር፣ በዕቃ ለወጣችሁት አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። አማቼ አብሯቸው ሳቀ። ስለ መሣሪያ በሐሰት ሲናገር የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ስሄድ ሊሸኘኝ ወረደ። እህቴ ልነሳ ስትል ተቀመጪ አላት። ደረጃውን አብረን ወረድን። እኔ ከፎቅ ፎቅ ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ስመርጥ ነበር፤ ከታች ስንደርስም አላገኘሁትም። መኪናው ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። ጎንበስ ብሎ የጂፒኤሱን አቧራ በእጅጌው ጠረገለት፣ ገመዱንም አስተካከለ። ከዚያ እኔን ሳያይ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ወዲያ ሲጠፉ ለእሷ አይደውሉ፤ ለእኔ ይደውሉልኝ። ይዣት እወርዳለሁ። ጁስ ቤቱ ጋ አስቀምጫት እመለሳለሁ።»